ቴላ ሠሪዎችን የረሳው ሕግ፦ ለከተማ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የከተማችን የትራንስፖርት፣ የማዘጋጃ ቤትና የአነስተኛ ኢንዱስትሪ ኃላፊዎች፣

እኛ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረን ባለሦስት እግር የጭነት ብስክሌት የምንሠራ ሰዎች ነን። በያጅ አለ፣ ጎማ የሚወጥር አለ፣ ጣውላ የሚመታ አለ፣ ቀለም የሚቀባ አለ። የምንሠራውን ነገር እዚህ ሕንድ ውስጥ ብዙ ሰው ቴላ ይለዋል። ፊቱ ብስክሌት ነው፣ ኋላው በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ የጭነት አልጋ ነው። በየቀኑ ታዩታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የጠጣችሁት ውሃ በእሱ ሳይመጣ አልቀረም።

የዚህ ደብዳቤ የሂንዲ ቅጂ ገቢ ተደርጎ መዝገብ ቤታችሁ ተቀምጧል። ይህንን የአማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ሜካኒካል ምህንድስና ልማር መጥቼ ለመመረቂያ ጽሑፌ ብዬ አንዱ ወርክሾፕ ገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ ንድፍ የሚስልላቸውና ፎርም የሚሞላላቸው ሰው ሆኜ ቀረሁ። ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ከሆነ የአገሬም ሰው ያንብበው ብዬ ነው። ባጃጅን ከዚህ አገር አስመጥቶ የከተማው እግር ያደረገ ሕዝብ፣ የባለሦስት እግር ነገር አያገባውም ማለት ይከብዳል። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ጉዳዩ። ባለፈው ወር በየወርክሾፓችን በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። "ያልተፈቀደ ተሽከርካሪ" የሚሠራ ማንኛውም ቤት እንደሚታሸግ ይናገራል። ያልተፈቀደ የሚባለው የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደሚፈቅድ፣ የት ሄደን እንደምናስፈቅድ አይናገርም። በዚያው ሳምንት ደንብ አስከባሪዎች ሦስት ቴላዎችን መንገድ ላይ ይዘው ሄዱ። ሦስቱም ከኛ የወጡ ናቸው፣ ሦስቱም ትንሽ አጋዥ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። አንዱ የሃያ ሊትር የውሃ ጀሪካን እየዞረ የሚያድል ሰው ነው። ቴላውን ለማስመለስ ሦስት ቢሮ ዞሯል። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው መለሰው። አሁን ውሃውን በተከራየው የእጅ ጋሪ እየገፋ ያደርሳል፤ ግማሽ ደንበኞቹን ግን አጥቷል።

አንደኛው ቅሬታችን ስለ ስልሳ ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ብንረዝም ታገሡን፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

በሕንድ የሞተር ተሽከርካሪ ደንብ አንድ ብስክሌት የኤሌክትሪክ ሞተር ቢገጠምለትም ሞተር ተሽከርካሪ ሳይባል የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት በታች፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በታች፣ ፍሬንና አንጸባራቂ ያለው፣ ባትሪውን ሳይጨምር ደግሞ ባዶ ክብደቱ ከ60 ኪሎ ያልበለጠ መሆን አለበት። እነዚህን ካሟላ ሊብሬ አይጠየቅም፣ ታርጋ አይጠየቅም፣ መንጃ ፈቃድም አይጠየቅም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የተጻፈው ባለሁለት ጎማ ብስክሌት እየታሰበ ነው።

ቴላ 60 ኪሎ አይሆንም። የኋላው ዘንግ ድፍን ብረት ነው። አልጋው በአንግል ብረት ተከቦ በጣውላ ይሸፈናል። ጎማው የቴላ ጎማ ነው፣ ቸርኬውም ለዚያ ጭነት የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ60 ኪሎ እንዲያንስ ከተፈለገ ወይ አሉሚኒየም እንጠቀም፣ ያንን ደግሞ ጎመን የሚሸጥ ሰው አይከፍልም፣ ወይ ብረቱን እናሳሳ። ብረቱን ካሳሳነው አልጋው ከፊቱ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን በወሬ አይደለም የምናውቀው፤ ተሰንጥቆ ሲመጣ የምንበይደው እኛ ነን።

እናም ሞተሩ ከ250 ዋት በታች ሆኖ፣ ፍጥነቱ ከሚሮጥ ልጅ ባይበልጥ እንኳ፣ በክብደቱ ብቻ ቴላው ሞተር ተሽከርካሪ ይሆናል። ሞተር ተሽከርካሪ ሲሆን ደግሞ ቀጥታ ከሌላ ክፍል ጋር ይመደባል። ያ ክፍል በ2014 እና በ2015 ሕግ የወጣለት የኤሌክትሪክ ሪክሾና (ሪክሾ ሰው የሚጭነው ባለሦስት እግር ነው) የኤሌክትሪክ ጭነት ጋሪ ክፍል ነው፦ እስከ 4000 ዋት፣ ጭነቱ እስከ 310 ኪሎ። ልዩነቱን ተመልከቱት። ሽማግሌ ጉልበት እንዳይጨርስ የምትደግፍ ትንሽ ሞተርና አሥራ ስድስት እጥፍ ጉልበት ያለው ማሽን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሃል ላይ ምንም የለም። እኛ የምንሠራው ግን ልክ እዚያ መሃል ላይ ነው።

ያ ክፍል የሚፈልገው ደግሞ የናሙና ፍተሻ ነው። ፍተሻው የሚደረገው እንደ ፑኔና ማኔሳር ባሉ ትልልቅ የመኪና መፈተሻ ማዕከላት ነው። አንድ ናሙና ትወስዳለህ፣ ትከፍላለህ፣ ካለፈ በኋላ ያንኑ ሞዴል ምንም ሳትቀይር ትሠራለህ። ለፋብሪካ ይህ ተገቢ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በሺህ ያመርታል፣ ወጪው በሺው ላይ ይከፋፈላል። እኛ ጋ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ቴላ ተከታትሎ ከወጣ እሱ ራሱ ወሬ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ነው ወረቀቱን የጻፈው ብለን ስለምናምን።

አትክልት ሻጭ ሲመጣ የሚጠይቀው አልጋው ወገቡ ድረስ እንዲደርስለት ነው። ቴላው ሱቁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ድንች አይመዝንም። ጋዝ አዳይ ደግሞ አልጋው ዝቅ እንዲልለት ይፈልጋል። የቤት ሲሊንደር ውስጡ ያለው ጋዝ ብቻ 14.2 ኪሎ ነው፤ ብረቱ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። ያንን ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ማንሳት ወገብ ይገድላል፣ ከፍ ብሎ ከተጫነ ደግሞ ኩርባ ላይ ይገለብጠዋል። በረዶ ሻጭ አልጋው ወደ ኋላ ትንሽ እንዲያዘነብልና ጥግ ላይ ቀዳዳ እንዲበሳለት ይጠይቃል፤ አለበለዚያ የሚቀልጠው ውሃ ጣውላውን ያበሰብሰዋል። መስታወት የሚያመላልሰው አልጋ አይፈልግም፤ መሃል ላይ የቆመ የድንኳን ቅርጽ ያለው ብረት ይፈልጋል፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። የሠርግ ወንበርና ድንኳን የሚያከራየው ሰው ርዝመት ይፈልጋል። እኛ አገር ቆራሌው የምንለው፣ እዚህ ካባዲ የሚሉት ሰው ደግሞ ግራና ቀኙ በሽቦ ተከቦ ከሰው በላይ ከፍ እንዲል ይፈልጋል፤ ካርቶን ቦታ እንጂ ክብደት የለውምና።

ዋናው ሚስትሪያችን፣ እዚህ ሚስትሪ የሚባለው አለቃ ባለሙያው ነው፣ ደንበኛ ሲመጣ ሜትር አያወጡም። በመጀመሪያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ቀጥለው "የምትሄድበት መንገድ ላይ ድልድይ አለ?" ይሉታል። ድልድይ ካለ የኋላውን ጥርስ ይቀይሩለታል፣ ምክንያቱም ቴላ ማርሽ የለውም፤ አንዴ የተገጠመው ጥርስ ነው ዕድሜ ልኩን የሚነዳው። ከዚያ መሬት ላይ በጠመኔ ይስላሉ። ንድፉ ያ ነው። ያንን ንድፍ እኔ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ስለካው በብዙው ቦታ አንድ ነገር የምጨምርበት አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፊት ቱቦው ሥር ባለሦስት ማዕዘን ላሜራ ይጨመር አልኳቸው። አዩኝና ጥግ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ሻንሲ አሳዩኝ። እዚያው ቦታ ላይ ላሜራው ነበረ። ዝገቱን ላየው ሰው እኔ ሳልወለድ የተበየደ ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ነው እንግዲህ አንድ ሞዴል አስፈትሻችሁ ሳትቀይሩ አምርቱ የምትሉን።

ሁለተኛው የጨረታ ጉዳይ ነው። ከ2014 የስዋችህ ባራት የጽዳት ዘመቻ ወዲህ በየከተማው ቆሻሻ ከቤት ለቤት የሚሰበስብ ባለሦስት እግር በብዛት ተገዝቷል። የእኛም ከተማ ገዝቷል። ጨረታው ሲወጣ አብረን አነበብነው። የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ፣ እኛ አይተነው የማናውቀው ዓመታዊ ሽያጭ፣ ከዚህ በፊት ለመንግሥት ያቀረበ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የጨረታ ማስከበሪያ። አንዳችንም አላለፍንም። ተሰባስበን አንድ ላይ እናቅርብ ብንልም በኅብረት መግባት አይቻልም ተባልን። ከሩቅ የመጣው አቅራቢ አሸነፈ። ይሁን፣ ጨረታ ነው።

ዕቃው በስድስት ወር ውስጥ በር በራችን ላይ ተሰለፈ። ከላይ ያልናት ቦታ፣ አልጋው ከፊቱ ቱቦ የሚገናኝባት፣ አንድ በአንድ ተሰንጥቃ። ብየዳው ከላይ ያማረ ነው፤ ለስላሳ፣ ቀለሙ የሚያበራ። ግራይንደር ስናስነካው ግን ውስጡ ባዶ ነበር። ብረቱ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ የተለጠፈ ብየዳ ነው፣ ቱቦውም ስስ ነው፣ ያቺ ባለሦስት ማዕዘን ላሜራም የለችም። ጠጋግነን መለስናቸው። የጥገናው ክፍያ ከጽዳት ሠራተኞቹ ኪስ ነው የወጣው፤ ለጥገና የተያዘ በጀት የለም ተብለው። እኛም ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሙሉ ዋጋ መቀበል ከብዶን የኤሌክትሮዱን ብቻ የተቀበልንበት ቀን አለ። አሁን ደግሞ ባለሦስት እግሮቹ "ስለማይበረክቱ" በትንንሽ የጭነት መኪና ሊተኩ ነው ሲባል ሰማን። የማይበረክተው ባለሦስት እግሩ አይደለም። እናንተ የገዛችሁት ነው።

የግብሩን ነገር ሳናነሳ አናልፍም፣ ባጭሩ። የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክስ በ2017 ሲጀመር ሞተር የሌለው ብስክሌትና የጭነት ባለሦስት እግር 12 በመቶ ተጣለበት። ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ማለትም ለስድስት ዓመት ያህል በእግሩ የሚነዳው ሰው ባትሪ ካለው መኪና ገዢ የበለጠ ታክስ ሲከፍል ኖረ። በመስከረም 2025 ይህ ተስተካክሎ 5 በመቶ ሆኗል፤ ላስተካከለው እናመሰግናለን። ብረት ግን አሁንም 18 በመቶ ነው። የምንገዛው ብረት ነው፣ የምንሸጠው ቴላ ነው። ልዩነቱን መልሶ ለመጠየቅ የሒሳብ ባለሙያና ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ ፎርም ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ለእኛ ቤት ከተመላሹ ገንዘብ ይበልጣል።

ከሁሉ ያስገረመን የዝርዝሩ ነገር ነው። በመስከረም 2023 የማዕከላዊው መንግሥት ቪሽዋካርማ የሚባል የእጅ ባለሙያዎች ድጋፍ ጀመረ። ሥልጠና አለው፣ ለመሣሪያ መግዣ ድጋፍ አለው፣ በ5 በመቶ ወለድ ብድር አለው። አሥራ ስምንት ሙያዎች ተዘርዝረዋል። አናጢ አለ፣ አንጥረኛ አለ፣ ጀልባ ሠሪ አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለ፣ ጫማ ሰፊ አለ፣ የአበባ ጉንጉን ሠሪ አለ፣ የዓሣ መረብ ሠሪ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ። ሁሉም ይገባቸዋል። ቴላ ሠሪ ግን የለም። ሪክሾ ሠሪም የለም። በውሃ ላይ የሚሄደውን የሚሠራ ባለሙያ ሆኖ በመሬት ላይ የሚሄደውን የሚሠራ ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረን የለም። አንጥረኛ ብላችሁ ተመዝገቡ የሚል ምክር ሰጥተውናል። እኛ አንጥረኛ አይደለንም፤ የእናቴን ስም ቀይሬ ልመዝገብ እንዴ፣ አሉ ሚስትሪያችን።

ሕጉ ሌላውን ሁሉ ቀስ በቀስ አስታውሷል እኮ። የ2014ቱ የጎዳና ነጋዴዎች ሕግ ቴላው ላይ ቆሞ የሚሸጠውን ሰው አወቀው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 የሪክሾ ፈቃድን በ99,000 የገደበውን ደንብና ባለቤቱ ራሱ ካልነዳው የሚለውን ክልከላ ሲሽር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ሲያጸናው፣ የሚነዳውና የሚያከራየው ሰው መብት ታየ። ጥሩ። ቴላው ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው በይዶታል።

ክልከላውስ? የክልከላን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ግን በሌላ ቦታ ምን እንደሆነ ለማስታወስ ያህል። በ2013 የኮልካታ ፖሊስ በ174 መንገዶች ላይ ብስክሌት እንዳይሄድ ከለከለ። ወተት አዳዩ፣ ጋዜጣ አዳዩ፣ ዓሣ ሻጩ መንገዱ ተዘጋበት፤ ጩኸቱ ሲበዛ ዝርዝሩ እያጠረ መጣ። በፑንጃብ ደግሞ በሚያዝያ 2022 የሞተር ሳይክል ግማሽ ከጋሪ ጋር ተበይዶ የሚሠራውን፣ ጁጋድ ሬህሪ የሚሉትን፣ ከመንገድ አስወጡ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ስንቱ ድሃ በሱ እንደሚያድር የታወቀው ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ነው። በቀናት ውስጥ ተሻረ። ቀደም ብሎ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁጋድ የሚባለው ሁሉ ሞተር ተሽከርካሪ ነው፣ መመዝገብ አለበት ብሎ ነበር። ፍርዱ ስህተት ነው አንልም፤ ከናፍጣ ፓምፕ ሞተር የተሠራ ነገር ሃያ ሰው ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ ሲሄድ ሰው ይገድላል። ግን መመዝገብ አለበት ከተባለ በኋላ እንዴት ይመዝገብ የሚለውን ለመመለስ የተቀመጠ ሰው አለ? እኛ አላየንም። በቼናይ ዓሣ የሚያመላልሱት ባለሞተር ባለሦስት እግሮችም ለዓመታት የኖሩት እንዲሁ ነው፤ ፖሊስ ይይዛቸዋል፣ ይለቃቸዋል፣ ዓሣው ደግሞ በጠዋት መድረስ አለበት።

"ቴላ ፍሬን የለውም" ትላላችሁ። በዚህ ላይ ልክ ናችሁ። ብዙው ቴላ ያለው የፊት ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም ሲጫን ብዙ አያቆምም። የኋላ ፍሬን መግጠም እንችላለን፣ እንገጥማለንም፤ ግን ጎረቤት ያለ ፍሬን በርካሽ ከሸጠ ደንበኛው ወደዚያ ይሄዳል። ለሁላችንም እኩል የሚሠራ አንድ ግልጽ ደንብ ቢኖር፣ ለምሳሌ ይህን ያህል ጭኖ በዚህ ርቀት ውስጥ መቆም አለበት የሚል፣ በማግስቱ ሁላችንም እንገጥም ነበር። ይህን ደንብ ከእናንተ ስንጠይቅ ቆይተናል። የመጣልን ግን ክብደት የሚለካ ሚዛን ነው።

ሌላም አለ። አዲሱ የብስክሌት መንገድ። ሞተር ሳይክል እንዳይገባበት ብላችሁ በየመግቢያው የብረት ምሰሶ ተክላችኋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ግን በቀላሉ ያልፋል። የማያልፈው ቴላ ነው። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ምሰሶዎቹ ደግሞ ከዚያ ይጠብባሉ። ስለዚህ ቴላው ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር በዋናው መንገድ ይሄዳል፣ ትራፊክ ያዘገያል ተብሎም ይሰደባል። አንድ ቀን ከእናንተ አንዳችሁ ሜትር ይዛችሁ ብትመጡ ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

አንዳንዶቻችሁ "እኛ እኮ ዘመናዊውን እየደገፍን ነው" እንደምትሉ እናውቃለን። ዘመናዊውንም አይተነዋል። በጥቅምት 2008 ዴልሂ ውስጥ ሶሌክሾ የሚባል በፀሐይ ባትሪ የሚታገዝ ሪክሾ በመንግሥት የምርምር ተቋም ተሠርቶ በትልቅ ዝግጅት ተመርቆ ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ፈልጉት። በተቃራኒው በ1990ዎቹ መጨረሻ አይቲዲፒ የተባለው ድርጅት አግራና ዴልሂ ውስጥ ከሪክሾ ሠሪዎቹ ጋር አብሮ ተቀምጦ ክብደቱን በሲሶ ገደማ የቀነሰ ሪክሾ አወጣ። ያ ተስፋፋ። ለምን ቢባል ሠሪው ራሱ አወቀው፣ ከገበያ በሚገኝ ብረትና የብስክሌት ፋብሪካዎች ከተማ ከሆነችው ከሉዲያና በሚመጣ መለዋወጫ መሥራት ቻለ፣ ሲሰበርም መንገድ ዳር ይጠገናል። ላቦራቶሪና በያጅ አብረው ሲሠሩ ነገሩ እንደሚሆን የምናውቀው ከዚህ ነው።

ዴልሂም በ2022 ለኤሌክትሪክ የጭነት ብስክሌት የመጀመሪያ 5,000 ገዢዎች እስከ 15,000 ሩፒ ድጎማ መድቧል። ይህን ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ወዲያው ግን አሰብንበት፤ እንዲህ ያለ ድጎማ የሚሄደው ስሙ በጸደቀ ዝርዝር ውስጥ ላለ ሞዴል ነው፣ በጠመኔ መሬት ላይ የተሳለ ቴላ ደግሞ የሞዴል ቁጥር የለውም። የእናንተም ቢሮ ተመሳሳይ ነገር እያዘጋጀ እንደሆነ ሰምተናል። ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ጥሩን።

ቴላ ይጠፋል፣ ከተማው አድጓል የሚል ሰው ካለ ዴልሂ ቻንድኒ ቾክን ሄዶ ይይ። በ2021 ታድሶ ሲከፈት ከቀይ ምሽግ እስከ ፋቴፑሪ መስጊድ ድረስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሞተር ተሽከርካሪ እንዳይገባ ተደረገ። በዚያ ሰዓት ሰውን የሚያጓጉዘው በፔዳል የሚሄደው ነው። መኪና ባስወጣችሁ ቁጥር የሚያስፈልጋችሁ እኛ የምንሠራው ነው፤ እኛን ካሸጋችሁ ከየት ታመጡታላችሁ?

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የተያዙት ሦስት ቴላዎች ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ሞተሩ ችግር ከሆነ ሞተሩ ይፈታ፤ ቴላው ግን እንጀራቸው ነው። የመፍጨት ወይም በሐራጅ የመሸጥ ሐሳብ ካለ ከወዲሁ በጽሑፍ ይነገረን፣ ወደ ፍርድ ቤት የምንሄድበት ጊዜ እንዲኖረን።

በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነሳ፣ ወይም "ያልተፈቀደ" ማለት ምን እንደሆነና ፈቃዱ የሚሰጠው የት እንደሆነ ተጽፎበት እንደገና ይለጠፍ።

የ60 ኪሎው ገደብ የእናንተ ሥልጣን እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የማዕከላዊው የመንገድ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው። ግን እናንተ ብትጽፉ ይሰማል፣ እኛ ብንጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። የ250 ዋቱና የ25 ኪሎ ሜትሩ ገደብ እንዳለ ሆኖ፣ ለባለሦስት እግር የጭነት ብስክሌት ክብደቱ ከፍ እንዲል የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልን። የክብደት ልኬቱን ለአባሪ የሚሆን አዘጋጅተናል፤ በየዓይነቱ መዝነናል።

ፍተሻው ወደ ከተማው ይምጣ። በከተማችን የመንግሥት የቴክኒክ ማሠልጠኛ አለ፣ ሚዛን አለው፣ ግቢ አለው፣ መምህራን አሉት። ፍሬኑን፣ ብየዳውንና መብራቱን እዚያው አይተው በእያንዳንዱ ቴላ ላይ ቁጥር ይምቱበት። ክፍያው የአንድ ጎማ ዋጋ ያህል ይሁን። የወደቀውን እኛው ራሳችን አንሸጠውም።

የሚቀጥለው የጽዳት ባለሦስት እግር ግዢ በትንንሽ ይከፋፈልና በኅብረት መግባት ይፈቀድልን። ናሙና አስቀርቡን፣ ከሌላው ናሙና ጎን አቁሙት፣ ጫኑበት፣ ድልድይ ላይ ንዱት። ከተሰበረ አንከራከርም። የጥገና በጀት ደግሞ ከግዢው ጋር አብሮ ይያዝ፤ የጽዳት ሠራተኛ ለማዘጋጃ ቤት ንብረት ከኪሱ ብየዳ መክፈል የለበትም።

ምሰሶዎቹ ይስፉ።

የባለሙያዎቹ ዝርዝር ሲከለስ የቴላና የሪክሾ ሠሪ በራሱ ስም እንዲገባ ከክልሉ በኩል አስተያየት ስጡልን።

መልሱን በጽሑፍ እንፈልጋለን፣ በቃል "እናየዋለን" መባሉ ሰልችቶናል። ከእናንተ የሚመጣ ሰው ካለ ከእሑድ በቀር በማንኛውም ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ክፍት ነን። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ፤ ቀለም ቀቢው ከበሩ አጠገብ ነው የሚሠራው።

ከአክብሮት ጋር፣

የባለሦስት እግር የጭነት ብስክሌት ሠሪዎች፣ በያጆችና ጠጋኞች
ስለእነሱም የአማርኛውን ቅጂ የጻፈው፣ በወርክሾፑ የንድፍ ሥራ የሚያግዝ ኢትዮጵያዊ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ

ግልባጭ፦
ለከተማው ትራፊክ ፖሊስ
ለተያዙት ቴላዎች ባለቤቶች